አንዲት ሰዓት ወደኋላ

“ዛሬ ሌሊት ሰዓት ይመለሳል” አሉ፣
በመጋቢት ወስደው በጥቅምት ሊከፍሉ።
ዜና አንባቢዋማ ፈገግ ብላ አለፈች፤
ጣጣውን በሙሉ ለዜኖን ትታለች።

ባሌ በግዲኒያ በወደቡ ኖሮ፣
ሠላሳ አራት ዓመት ክሬን ላይ ታስሮ፣
ኮንቴይነር እንደ እንቁላል ያስቀምጥ ነበረ፤
አንድ ቀን አልጣለም፣ አንድም አልሰበረ።
ያ እጅ ነው ዛሬ ላብ እያጠመቀው
ምስር የሚያህል ቁልፍ ያስጨነቀው።

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦች አዋጥተው
የሰጡት ሰዓት ናት፣ “ጊዜህን ያዝ” ብለው።
መያዙስ ይቆየን፤ አራት ነው ቁልፉ፣
አንዱን ሲጫኑት ሌላው ይነቃል ከእንቅልፉ።
መመሪያ ወረቀቱ አሥራ አንድ ቋንቋ ያውቃል፤
በእኛ ቋንቋ ያለው ገጹ ግን ተቀዷል።
(እኔ ነኝ፤ ጀርባው ላይ “ሽንኩርት፣ ሳሙና”
ብዬ ጽፌበት ነው፤ አልነገርኩትም ገና።)

“ተጭነው ይያዙት” ይላል በቼክኛ፤
ገመትነው፤ ለቋንቋው ጎረቤት ነን እኛ።
ለስንት ደቂቃ? እንዴት ባለ ጉልበት?
ጥፍሩን ጫነና ትንፋሹን ዋጠበት።
ጢጥ አለች፤ ቁጥሯ ብልጭ ድርግም አለ።
“ገባሁ፣ ቦጉሚላ! ገባሁበት!” እያለ
በደስታ ሲጮህ፣ ሌላ ቁልፍ ነካና
ሆንግ ኮንግ ገባች ሰዓቷ፣ ነግቶላት ደህና።
ተመልሶ ሞከረ፤ ሩጫ መለኪያ ሆነ፣
የሰከንድ ሽራፊ እንደ አሸዋ ቦነነ።

በመጨረሻው ግን እንደ ምንም ብሎ
ከሰዓቱ ክፍል ገባ ተንከባሎ።
ያኔ ነው ክፋቷን ያየነው ገሃድ፤
ወደኋላ አታውቅም፤ ወደፊት ነው መሄድ።
አንዲት ሰዓት ብቻ ለመመለስ ወደኋላ
ሃያ ሦስት ወደፊት፤ ሌላ መንገድ የላ።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ... እኩለ ሌሊት አለፈ፤
ቅዳሜያችን ሳያልቅ እሑድ ተጻፈ።
ጢጥ፣ ጢጥ... ሊደርስ ሲል፣ ጣቱ ወፍራም ነውና፣
ያቺኑ ስምንት ዘለላት፤ ከዚያ እንደገና።
“ይቅርታ” አላት ለሰዓቷ፣ በእውነት፤
እኔ በአርባ ዓመት ያልሰማኋት ቃል ናት።

የኤሌክትሪክ ምድጃው የባሰ ነው ኩሩ፤
መብራት ከሄደ ወዲህ ዜሮ ነው ቁጥሩ።
“ሰዓቴን ካልሞላህ አልሞቅልህም” ይላል፤
ዶሮው ሦስት ቀን ሆነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቃል።
የመኪናው ሰዓትማ ተስፋ ተቆርጦበት
ክረምት ከበጋ በበጋ ነው ያለበት፤
ግማሽ ዓመት ልክ ነው፣ ግማሽ ዓመት ውሸት፤
ከሰውም ብዙ አይከፋ፣ እንዲያ ካሰቡት።

ሌሊቱ እንዲህ አለቀ። ጧት በብርዱ ወጣን፤
ቅዳሴው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀረን፣
በዜኖን ሰዓት ነው። ደጁ ግን ዝግ ነበር፤
ባሕሩ ብቻ ነው ከታች የሚናገር።
ቆጠርኩት በልቤ፤ ሃያ ሦስት አይደለም፤
ሃያ አራት ነው የጫነው፤ የትም አልሄደም።
ዓለምን ዞረን ገባን፣ ሆንግ ኮንግን አይተን፣
ከተነሣንበት ላይ፣ ጣታችን ደንዝዞ ቆመን።

ደረጃው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤
አንገቱን በሻርፕ እስከ አፍንጫ ጠቅልሏል።
ቀረብን፤ አቶ ቪቶልድ! ደወል ደዋዩ ነው፤
ቁልፉን ይዞ ሳለ ደጅ ምን አስቀመጠው?
“የማማውን ሰዓት ማታ ወጥቼ አርሜ
የክንዴን ረሳሁ፤ ይኸው ደጅ ከርሜ።
ውስጡ ከውጭ ይበርዳል፤ ቁጭ በሉ” ብሎ
ሚንት ከረሜላ ሰጠን ከኪሱ ፈልቅሎ።

ያችን የተመለሰች፣ መንግሥት የከፈለን፣
አንዲት ትርፍ ሰዓት ደረጃ ላይ በላን።
ዜኖን ከሩቅ ክሬን ሣጥን ሲያወርድ አየ፤
“ቀስ... ቀስ... አሁን ልቀቅ” አለ፣ እየቆየ።

በስብከቱ መሐል፣ ሁሉ ጸጥ ባለበት፣
ጢጥ ጢጥ ጢጥ ትል ጀመር፤ ማንቂያ ነክቶባት።
አራቱንም ጫነ፤ አልሰማችም እሷ፤
አውልቆ ቁጭ አለ ባናቷ፣ በራሷ።
ከሥሩ ትጮኻለች። ቄሱ ዝም አሉና
የራሳቸውን ክንድ አዩ በትሕትና፤
ከፊት ያለው ሐኪም ኪሱን ዳበሰ፤
ሕዝቡ የየክንዱን ገልጦ ተላወሰ፤
ማንም ባሌን አላየ።
እሱ ጣሪያውን ያያል፣
እንደ ጻድቅ ሰው።